በቡፌው ውስጥ የተቆለፈችው አሻንጉሊት

ከሁሉ በፊት በደሌን ልናገር። ልጅ ሳለሁ አሰብ ላይ በእጄ የተሰጠችኝ አሻንጉሊት ነበረችኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳልጫወትባት ከቤታችን ጠፋች፣ ማን እንደወሰዳት የሚነግረኝም ሰው አጣሁ። የልጅ ልጅ አይቼ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ዛሬ ስለ አሻንጉሊት ማውራቴ የሚያስቃችሁ ካላችሁ ሳቁ። እኔ ግን የራሴ የሆነ ነገር ሳልጠየቅ ሲወሰድ አልወድም፤ ያኔም አልወደድኩም፣ ዛሬም አልወድም።

ነገሩን የቀሰቀሰው ሽታ ነው። የልጄ ልጅ ሜላት እዚህ ሆላንድ፣ አምስተልቨን ከተማ ውስጥ ቢሮ ትሠራለች፣ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች፤ ባለፈው የጸደይ ወራት ልጠይቃት ሄጄ ገና ሶፋው ላይ አረፍ እንዳልኩ፣ ከጃፓን የመጣላትን ካርቶን በቢላ ቀድዳ ከፈተችና ያ ሽታ ወጣ። የአዲስ ፕላስቲክ፣ የወፍራም ወረቀት፣ በዚያም ላይ እንደ ከረሜላ ጣፈጥ የሚል ሽታ ነው። ወዲያው አሰብ የተመለስኩ፣ የእናቴ ቡፌ ሥር ተንበርክኬ አፍንጫዬን መስተዋቱ ላይ የለጠፍኩ መሰለኝ።

ቀና ብዬ ስመለከት የሜላት ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ቡፌ ሆኗል፣ ውስጡ መብራት በርቷል፣ በየመደርደሪያው ዓይናቸው እንደ ሰሐን የተለቀ፣ ጸጉራቸው ሰማያዊና ሮዝ የሆነ፣ ቀሚሳቸው ከመቀነት የማይበልጥ የአሻንጉሊት ሴቶች ቆመዋል። ግማሾቹ ከነካርቶናቸው እንደታሸጉ ናቸው።

«እነዚህስ ለምን አይከፈቱም?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ኦማ፣ ከተከፈተ እኮ አለቀለት። አንቺ አይገባሽም።»

ኦማ የሚሉት እዚህ አያትን ነው፤ አያትን «አንቺ» ማለት ግን ነውር ነው። ሥርዓት ያላስተማረቻት እናቷ ናት እንዳልል፣ እናቷን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሻዬን ጠጣሁ። ወደ ቤቴ፣ ዘ ሄግ ወዳለው ሰፈሬ ወደ ሙርዋይክ፣ በባቡር ስመለስ ግን ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣ አለ፤ ሙሉ መንገዱን አሰብን ሳስብ ሄድኩ።

አባቴ ወደብ ላይ ጭነት አውራጅ ነበር። እናቴ ጡቷ ሳያጎጠጉጥ ከደጋ ተድራ፣ አውቶቡስ ላይ ተጭና፣ ያንን ሁሉ በረሃ እያለቀሰች አቋርጣ ወደ እሱ የወረደች ሴት ናት። እኔ ሳውቃት ግን የሚያለቅስ ዓይን አልነበራትም። ቤታችን የጣውላ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ ያለው አንድ ክፍል ነበር፣ ኩሽናውን ከመኝታው የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው፤ በዚያች ክፍል ውስጥ ታላቅ እህቴ ዘነቡ፣ እኔና ትንሹ ወንድማችን ስንኖር፣ እናቴ ቤቱን የምታስተዳድረው በተራ ነበር። ነፋስ በሚገባበት በኩል መተኛት በተራ ነበር፣ የወተት ቆርቆሮ መላስ በተራ ነበር፣ ከአባቴ ጎን መቀመጥም በተራ ነበር። ያለ ተራው እጁን የሰደደ ሰው በእንጨት ማማሰያ ጣቱን ይመታ ነበር። አሁን በሙርዋይክ ትንሿ ጉባኤያችን ከጸሎት በኋላ ለሕፃናት ብስኩት የማድለው እኔ ነኝ፣ ለአንዱ ሁለት ደርሶ ሌላው ባዶ እጁን ሲቆም ካየሁ ፓስተሩም ቢሆን አያስቆመኝም፤ ይህ ከማን እንደተወረሰ ያወቃችሁት ይመስለኛል።

አሻንጉሊቷ የመጣችው በሐሩሩ ወራት ነበር። በዚያ ወቅት ነፋሱ ከባሕሩ ሳይሆን ከበረሃው ስለሚነሣ፣ የወደብ ሥራ ጎህ ሳይቀድ ተጀምሮ ቀትር ሳይደርስ ይቆም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ይተኛ ነበር። የአባቴን ምሳ በጨርቅ ቋጥሬ፣ የውሃ ጠርሙሱን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ እስከ ወደቡ በር የምወስደው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ከጃፓን መርከብ የወረደ መርከበኛ ሐሩሩ ጥሎት በሩ ላይ ተዘረረ፤ አባቴ አንሥቶ ጥላ ሥር አስተኛው፣ እኔም የያዝኩትን ውሃ ግማሹን አናቱ ላይ አፍስሼ ግማሹን አጠጣሁት። በማግሥቱ ምሳ ይዤ ስደርስ ሰውየው ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ልክ እንደ እኛ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ አንድ ካርቶን ሰጠኝ። አባቴ ከፍቶ አየና «የሙሉ ናት፤ ማንም እንዳይነካባት» አለ። ሙሉ እኔ ነኝ።

ጥቁር ጸጉሯ እስከ ወገቧ የወረደ፣ ቀይ ቀሚስ ለብሳ በሰፊ መቀነት የታጠቀች፣ ስትጋደም ዓይኗ የሚከደን አሻንጉሊት ነበረች። እቤት እስክደርስ ያቀፍኩት ካርቶኑን ነው፣ እሷን አልነካኋትም፤ እጄ ላብ ነበረውና ፈራሁ። እናቴ ተቀበለችኝ፣ ክዳኑን አነሣች፣ ለረጅም ጊዜ አየቻት፣ ከዚያ መልሳ ከደነቻትና «አንቺ እጅ ከገባችማ እስከ ማታ አፈር ትበላለች» ብላ ቡፌው ውስጥ ቆለፈችባት። ቡፌው የቤታችን ንጉሥ ነበር። ጠርዛቸው ወርቃማ የሆኑ ብርጭቆዎች፣ እንግዳ መጥቶም የማይወጡ ሲኒዎች፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንኳ ያልተላጠለት ቴርሞስ ነበረበት፤ ቁልፉ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ይውል ነበር።

መስከረም ሲጠባ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ቡፌው ተከፈተ፣ እኛም ታጥበን ተሰለፍን። እናቴ ካርቶኑን አውርዳ ክዳኑን ለትንሽ ጊዜ አነሣችልን፣ እኔም ባለቤት ስለሆንኩ ከሁሉ ቀድሜ አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትኳት። «አይታችሁ ጠገባችሁ?» አለችና መልሳ ከደነች። ከዚያ ለስላሳዎቹ ወራት መጡ፤ ባሕሩ የሚያበርድ ነፋስ ሰጠን፣ ልጆች ሁሉ ደጅ ዋሉ፣ የጎረቤት ልጆችም በጨርቅ ቋጠሮ አሻንጉሊት ሲጫወቱ፣ የእውነተኛዋ ባለቤት እኔ በእነሱ ቋጠሮ ለመጫወት እለምን ነበር። የገና በዓል ሲደርስ ድፍረት አገኘሁና «እማዬ፣ ተራዬ መቼ ነው?» አልኳት። «ለአሻንጉሊት ተራ የለም» አለችኝ። ለሁሉ ነገር ተራ ባለበት ቤት ለእኔ ነገር ብቻ ተራ ጠፋ፤ ያ ነገር ከማማሰያው በላይ አመመኝ።

በፋሲካ ክዳኑን አላነሣችልንም። ካርቶኑን ባለበት በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ «ተኝታለች፣ አትቀስቅሷት» አለች፤ ቀልድ የማታውቅ እናታችን ስለቀለደች ሁላችንም በሳቅ ፈነዳን። ሐሩሩ ደግሞ ተመለሰ። ከቀትር በኋላ ሁላችንም ምንጣፍ ላይ ተዘርረን ስንተኛ እናቴ አትተኛም ነበር፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቀስ ያለ እንጉርጉሮዋ ይሰማኝ ነበር፤ ለትንሹ ወንድሜ የምታንጎራጉር ይመስለኝና እንቅልፍ ይዞኝ ይሄድ ነበር።

ያን ዓመት አባቴ ከጭነት ጋር ወድቆ ወገቡ ተጎዳ፣ ወደብ የሚያቆየን ነገር ስለሌለ ወደ ደሴ፣ ወደ ዘመድ ልንወጣ ተነሣን። ቡፌው በጭነት መኪናው ላይ ቦታ ስላልነበረው ለጎረቤት ተተወ። ዕቃው ሲወጣ እኔ ዘልዬ ካርቶኔን አነሣሁ፤ ቀለለኝ። ከፈትኩት። የተኛችበት ወረቀት ላይ የጀርባዋ ቅርጽ ሰርጉዶ ቀርቷል፣ እሷ የለችም። ጩኸቴን ብለቀው እናቴ «ዝም በይ! አባትሽ ወገቡ ተሰብሮ አንቺ ለአሻንጉሊት ታለቅሻለሽ?» አለችኝ፣ ፊቷን አዙራ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ዘነቡን አየኋት፤ ዘነቡ አንገቷን ደፋች። የመጋዘን ሹሙ ሴት ልጅ የዘነቡ ባልንጀራ ነበረች፣ ያማረ ነገር ሁሉ ያማራት ነበር። ፍርዴን እዚያው የጭነት መኪናው ላይ ሰጠሁ፦ አሻንጉሊቴን እህቴ ለባልንጀራዋ ሰጥታብኛለች።

ከዚያ ወዲህ ያልጠየቅኩበት ቦታ የለም። ደሴ ጠየቅኳት፣ በሠርጓ ማግሥት ጠየቅኳት፣ እናታችን ሞታ ለቅሶ ስንቀመጥም ጠየቅኳት። «እታለም፣ አሻንጉሊቴን ለማን ሰጠሻት?» ስላት ሁልጊዜ «ተዪኝ ሙሉ» ትለኝ ነበር። ዕድል ሆኖ ሁለታችንም ሆላንድ ገባን፣ እሷ ሮተርዳም እኔ ዘ ሄግ፤ ጠባችንም ያለ ቪዛ ተከትሎን ገባ።

ባለፈው በጋ ሜላት ደወለችልኝ። ሮተርዳም ውስጥ የእነሱ ሰዎች ትልቅ ስብሰባ አላቸው፣ እነዚያን አሻንጉሊቶች መስለው ለብሰው የሚገናኙበት ነው፤ የእሷ ቀሚስ ከጀርባ በክር የሚታሰር ስለሆነ የሚያስርላት ሰው ትፈልጋለች። ዘነቡም ከሆስፒታል በቅርቡ ወጥታ ነበርና ከዚያ አብረን ልንጠይቃት ተስማማን። ሰማያዊ ጸጉር አድርጋ፣ ከሥዕል የወጣ የሚመስል ቀሚስ ለብሳ፣ አንዲት አሻንጉሊት ቦርሳዋ ላይ አንጠልጥላ ሜትሮ ውስጥ ስትቀመጥ እኔ ሁለት ወንበር ርቄ ተቀመጥኩ። ከእኔ በቀር ቀና ብሎ ያያት ሰው የለም።

አዳራሹን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በሩ ሲከፈት ያ ሽታ በሺህ እጥፍ ሆኖ ፊቴን መታኝ። ጢማቸው ደረታቸው ላይ የደረሰ ወንዶች የተማሪ ቤት ሴት ልጅ ቀሚስ ለብሰዋል፣ የልጆች እናት የምትሆን ሴት የድመት ጆሮ አድርጋ ጭራ ተክላለች፤ አንዱ ራሰ በራ ጎልማሳ ደግሞ እርቃኗን ልትሆን ጥቂት የቀራት ልጃገረድ የተሣለችበትን ትራስ እንደ ሚስቱ አቅፎ ሰልፍ ላይ ቆሟል። ምን እንደሚጠብቁ ባይ፣ ትንንሽ የታሸጉ ሳጥኖች ናቸው፤ ውስጣቸው የትኛዋ አሻንጉሊት እንዳለች የሚያውቅ የለም። ሰው ምን እንደሚገዛ ሳያውቅ ይገዛል፣ ጆሮው አጠገብ ያንቀጫቅጨዋል፣ ይቀደዋል፣ ያልፈለጋት ከሆነች እንደገና ይሰለፋል። የቆሻሻ ጣሳው በካርቶን ሞልቶ ፈሷል፣ አፉ ላይ ደግሞ ማንም ያልፈለጋቸው አሻንጉሊቶች ተቀምጠዋል፣ አንዳንዶቹ ራሳቸው ወደ ታች ተዘቅዝቋል። ገበያ አውቃለሁ፣ አጭበርባሪ ነጋዴም አውቃለሁ፤ ዕቃ ደብቆ የሚሸጥና ገዢው አመስግኖ የሚመለስበት ገበያ ግን በዕድሜዬ አላየሁም።

ከፊቴ አንዲት ትንሽ ልጅ ሳጥኗን ከፈተች፣ በሌላው እጇ ከያዘቻት ጋር አንድ ዓይነት ሆና ብታገኛት ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። አባቷ ትከሻውን ነቀነቀ። እኔ ሻጩ ጋ ሄድኩ።

«ለዚች ልጅ ለውጥላት» አልኩት በዚያች በምችላት ሆላንድኛ።

«አይቻልም ሜፍራው» አለኝ፣ እመቤት ማለቱ ነው፤ «የተከፈተ አይለወጥም።»

«ካልተከፈተ በምን ታውቃለች? ኒት ኤርለክ! ልክ አይደለም!»

«ሜፍራው፣ ጨዋታው እኮ እሱ ነው» አለኝ ወጣቱ፣ በፈገግታ።

«ልጅ እያስለቀሱ ጨዋታ!» ብዬ በአማርኛ ጨረስኩለት፤ ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

ሜላት ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። «ኦማ! አሳፈርሽኝ!»

«ሰማያዊ ጸጉር አድርገሽ በሜትሮ የመጣሽው አንቺ፣ የማሳፍረው እኔ?»

ስንወጣ ከቆሻሻ ጣሳው አፍ ላይ አንዷን አንሥቼ በመሐረቤ ጠረግኳትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

ዘነቡ ሮላተሯን፣ ያንን ባለ ጎማ መደገፊያዋን፣ ይዛ በሩን ከፈተችልን። ከስታለች፣ ሳቋ ግን አልከሳም። «ይቺ ደግሞ የማን ሙሽራ ናት?» አለች ሜላትን እያየች።

«እኔ ነኝ፣ ታንተ! አላወቅሽኝም?» አለች ሜላት፤ ታንተ የምትላት አክስቴ ስትል ነው።

«ይሄን ለብሰሽ በአደባባይ መጣሽ? ሰው ምን አለሽ?»

«ምንም። ፎቶ አነሡኝ።»

«አልሳቁብሽም? አበደች አላሉሽም?»

«ለምን ይሉኛል?» አለች ሜላት፣ ከልቧ ግራ ገብቷት። ከዚያ ጸጉሩን ልታወልቅ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች።

እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ ከጣሳው ያነሣኋትን ጠረጴዛው ላይ አቆምኳትና ያየሁትን ሁሉ አፈሰስኩት። ትራሱን ነገርኳት፣ ጭራውን ነገርኳት፣ የታሸገውን ሳጥን ነገርኳት። «ልጅ ቢሆኑ ምን አለ! ትልልቅ ሰዎች፣ ወልደው የከበዱ ሰዎች፣ በአሻንጉሊት ሲጫወቱ በዓይኔ አየሁ። ይቀፋል! እንዲህ ያለ ሰው ጤና የለውም» ስል ዘነቡ አሻንጉሊቷን አንሥታ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ነበር። ዓይኗን ጨፍና አሸተተቻት።

«ተይ ሙሉ» አለችኝ። «እናታችንን አትስደቢያት።»

«እናታችንን ማን ሰደበ?»

«አንቺ። አሁን።»

ዘነቡ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። በሐሩሩ ወራት፣ ከቀትር በኋላ፣ አንድ ቀን ውሃ ጠምቷት ተነሥታ መጋረጃውን ብትገልጥ፣ እናታችን መሬት ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ፣ አሻንጉሊቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ በገዛ ማበጠሪያዋ ጸጉሯን እያበጠረች ታንጎራጉርላት ነበር። ከነጠላዋ ጥለት ቀድዳ ትንሽዬ ቀሚስ ሰፍታላታለች። ዘነቡን ስታያት አልተቆጣችም፤ ፊቷ የልጅ ፊት ሆነ አለችኝ፣ ሲሰርቅ የተያዘ ልጅ ፊት። ከዚያ አስማለቻት፦ ጎረቤት ቢሰማ አበደች ይላል፣ አባታችሁ ቢሰማ ይስቅብኛል።

«በዚያ ጭነት መኪና ላይ ነጠላዋ ሥር የያዘችው ምን ይመስልሽ ነበር?» አለችኝ። «ደሴም ትራሷ ሥር ነበረች። ከመበጠሯ ብዛት ጸጉሯ አልቆ መላጣ ሆና ነበር፣ አንድ እጇም ወልቆ በክር አስራዋለች። እናታችንን ስንገንዛት እኔው ነኝ ሰው ሳያይ ከጎኗ ያደረግኳት።»

«እስከ ዛሬ ስሰድብሽ ዝም ያልሽው ለዚህ ነው?»

«ምያለሁ እኮ። ዛሬ ይቺ ልጅ ይህን ለብሳ ከነአሻንጉሊቷ በሜትሮ መጥታ ማንም አልሳቀባትም ስትል፣ ታዲያ እናቴን ከማን ሳቅ ነው የምደብቃት ብዬ ነው።»

መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ውሃ ሲፈስ ይሰማ ነበር። የሜላት ቡፌ ትዝ አለኝ፤ መብራት እየበራላቸው፣ ከነማሸጊያቸው ቆመው፣ ማንም ሳያበጥራቸው የሚያረጁት እነዚያ ሁሉ ሴቶች። የእናቴም ቡፌ ትዝ አለኝ፤ ከዚያ ሁሉ ብርጭቆና ሲኒ መካከል በእውነት የተነካች እሷ ብቻ ነበረች፣ እስክትመለጥ ድረስ። ያ አዳራሽ አሁንም ይቀፈኛል፣ ይህን ማንም አያስጥለኝም። የእኔም ነገር የእኔ ነው።

«ቢሆንም የእኔ ነበረች» አልኩ። «ትጠይቀኝ ነበር። ልክ አልነበረም።»

«ብያታለሁ» አለች ዘነቡ። «የሙሉ ናት እኮ፣ ልክ አይደለም ብያታለሁ።»

«ምን አለችሽ?»

ዘነቡ አሻንጉሊቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ጸጉሯን በጣቷ ታስተካክል ነበር።

«‹ሙሉ ገና ልጅ ናት፣ ብዙ ተራ አላት› አለችኝ። ‹ይቺ የእኔ ተራ ናት።›»